የእኅቴን ዋርፋሪን ከገጠር ኑሮ ጋር ያስማማሁት እንዴት ነው

ታላቅ እኅቴ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ትኖራለች። በልጅነቷ ቶንሲል ይመላለስባት ነበር፤ በአንዲት ጠባብ ቤት ተደራርበን ስንተኛ የአንዱ ሕመም ለሁላችን ይዳረስ ነበር፤ መርፌ የሚወጋን ግን አልነበረም። ያ ያልታከመ ቶንሲል ልቧን ጎድቶት ኖሮ ከዓመታት በኋላ አንዱ የልቧ በር ጠብቦ፣ የግራው የላይኛው ክፍል ተለጥጦ፣ ምቱም ሥርዓት አጥቶ ተገኘ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ልብ በቅጡ ሳይኮማተር ሲርገበገብ ውስጡ ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን ታዘዘላት።

ክኒኑ ርካሽ ነው፤ የሚያስመርረው መንገዱ ነው። አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ መድማት ይመጣል። ምርመራው በመንደሯ አቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ የለም፤ እኔ ወዳለሁበት ከተማ መምጣት አለባት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ለመኪናና ለማደሪያ አይከፍልም። ስለዚህ ቀጠሮዋን ከከተማው የገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም ሐኪሙን ለመንሁት። አሁን ዶሮና እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ ሸጣ መሳፈሪያዋን ትችላለች።

ጾሙ የባሰ አስቸግሮን ነበር። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል። በዐቢይ ጾም ጎመን አትብዪ ማለት ግን ጦምሽን እደሪ ማለት ነው። የተስማማነው የምትበላውን የጎመን መጠን ዓመቱን ሙሉ እንዳታዛባ፣ ጾሙ ሲገባና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንድትመረመር ነው። ከመድን ካርዷ ጋር «ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ዳይክሎፌናክ አይሰጣት» የሚል ወረቀት አያያዝሁ፤ ይህ የሕመም ማስታገሻ ከዋርፋሪን ጋር ሲደረብ መድማት ያመጣል፤ ለወገብ ሕመም ያንን መርፌ መውጋት ደግሞ በየክሊኒኩ የተለመደ ነውና።

አሜሪካ ያለ የአክስታችን ልጅ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት ልላክ ብሎ ነበር። ሐኪሙ አልተቀበለውም። በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ የሆነና ከ4,500 በላይ የእርሷ ዓይነት ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ከአዲሶቹ መድኃኒቶች አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከወሰዱት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ባለው ነባር መድኃኒት የታከሙት ያነሰ ሞት እንደገጠማቸው አሳይቷል። ለሀብታም አገር ልብ የተመቸው ሁሉ ለእኛ አይሆንም ማለት ነው።

ያልተፈታልኝ ክረምቱ ነው። ወንዙ ሲሞላ መኪና ይቋረጣል። «እትዬ፣ እኔ ዘንድ ክረሚ» ስላት «አረሙን አንተ ልታርምልኝ ነው?» ትለኛለች። ዘንድሮ የቀን ሠራተኛ ልቀጥርላት አስቤያለሁ፤ ከዓመት መድኃኒቷ በላይ ያስወጣኛል።