ለብቻዬ ስጫወተው የኖርኩት ብሊትዝ

ብሊትዝ፣ ማለትም በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ቼዝ፣ ለመጫወት ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ ገጽ ላይ አካውንት የከፈትኩ ቀን ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) 1500 ይላል። ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚሰጥ መነሻ መሆኑን አላወቅኩም፤ ችሎታዬን መዝኖ የሰጠኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት 1130 ገባሁ። ዛሬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ 1700 ግድም ከፍ ዝቅ እላለሁ።

መጀመሪያ የምጫወተው ለአንድ ሰው ለሙሉ ጨዋታው 3 ደቂቃ፣ ያለ ጭማሪ ነበር። ንግሥቴን ቶሎ አወጣለሁ፣ ከተቃራኒው ንጉሥ ደጃፍ አንድ ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) እሠዋለሁ፣ ከዚያ ወይ ማት ነው (ንጉሡ መውጫ ያጣል) ወይ ሰዓቴ ያልቃል። ስሸነፍ ጥፋቱ የቀርፋፋ ጣቴ ነበር። አንድ እሑድ ደብተር ይዤ የመጨረሻዎቹን 100 ሽንፈቶቼን አንድ በአንድ ከፍቼ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የሞትኩበትን ምክንያት ጻፍኩ። ሰዓት 29፣ የመክፈቻ ስህተት 8። በ17ቱ በትክክል በልጠውኛል። በቀሩት 46 ላይ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ምን እንዳንቀሳቀሰ አላየሁም።»

በድሮው ሰንጠረዣችን፣ በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ወረራ የሚባል ነገር ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ እየተሯሯጡ ያሰልፋሉ። እኔም ለካ ስልኬ ላይ ወረራ እየተጫወትኩ ኖሯል፣ ያውም ተራ ባለበት ጨዋታ።

በጥቁር ስጫወት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ነጩ ቢሾፑን ሲ4 (ፊደልና ቁጥሩ የካሬው ስም ነው) ካስቀመጠ በኋላ ፈረሱን ጂ5 ያመጣል፤ ሁለቱም ኤፍ7ን ያያሉ። ወታደሬን ወደ ዲ5 እገፋለሁ፣ በወታደሩ ይበላዋል፣ እኔም ሳላስብ በፈረሴ መልሼ እበላለሁ። ከዚያ ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ዘው! ንጉሤ ወጥቶ ሲበላው ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ቼክ ትላለች፤ ምስኪኑ ንጉሥ ዲ5 ላይ ያለ ፈረሱን ለማዳን ኢ6 ይቆማል፣ ሜዳ መሃል፣ ራቁቱን። በዚህ መንገድ ስንቴ እንደሞትኩ አልቆጠርኩም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መልሶ አለመብላት፤ ሲ6 ያለውን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን መንካት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ግን ወደ ካሮ-ካን፣ ወደ ሌላ የጥቁር መክፈቻ፣ ዞርኩ፤ አሰልቺ ነው ይሉታል፣ እኔን ግን እንቅልፍ አስተኝቶኛል።

ሁለተኛው ለውጥ ሰዓቱ ነው። አሁን የምጫወተው 3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ነው። በየእንቅስቃሴው ጊዜ የሚጨምረውን ሰዓት ፓተንት ያስደረገው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከድሮ ተቀናቃኙ ከስፓስኪ ጋር በድጋሚ ሲገናኙም የተጫወቱት በእሱ ነበር። እነሱ ግን ኔትወርክ አይቆራረጥባቸውም። ለእኔ ያቺ 2 ሰከንድ ለማየት ጊዜ ሰጠችኝ፦ ጣቴ ከመንካቱ በፊት «ይህ ጠጠር አሁን ምን ነካ? ምንስ ትቶ ሄደ?» ማለት። በየተራው አንድ ሰከንድ ታህል ትወስዳለች፤ እሷን በጭማሪው እከፍላለሁ።

ከፕሪሙቭ፣ ማለትም ተቃራኒዬ ሳይጫወት የራሴን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ከማዘዝ፣ ግን ገና አልዳንኩም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወታደር ቀድሜ፣ 6 ሰከንድ ሲቀረኝ፣ ሩኬን (ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ግንብ) ከኤ7 ወደ ቢ7 አስቀድሜ አዘዝኩ። ሰውዬው ኢ8 የነበረ ቢሾፑን ሲ6 ላይ አሳረፈው። ሩኬ በገዛ እግሩ ሄዶ አፉ ውስጥ ገባ። ያው የ46ቱ በሽታ ነው፤ እዚህማ ሳይንቀሳቀስ በፊት ነው ላለማየት የወሰንኩት።

ሌላው ደንቤ፣ ሁለት ጨዋታ ተከታትዬ ከተሸነፍኩ ስልኩን ለባለቤቴ መስጠት ነው። በንዴት የሚጀመር ሦስተኛ ጨዋታ አሸንፌ አላውቅም ማለት ይቻላል። ትናንት ማታ ከሰጠኋት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ኢሜይል ላይ ነው» ብዬ መልሼ ወሰድኩት። ቀና ሳትል «ስንት ደረሰ?» አለችኝ።

1688።