«ኔትወርክ የለም» የአንድ በሽታ ስም አይደለም

«ልጄ፣ ኔትወርክ የለም። ቶሎ ነዪ።»

ሐጂ ሲደውሉ ከዚህ የበለጠ አይናገሩም። ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ የቡና ንግድ ቢሮ አላቸው፤ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ በመጋዘኑ በር ላይ ደግሞ ሁለት ካሜራ። ያን ዕለት ከሌሊት ጀምሮ የጣለው ዝናብ አላባራም ነበር። ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬንና የኬብል መሞከሪያዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ከኮቺ ሠፈር ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። «ኔትወርክ የለም» ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። የት ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ? ሁሉንም ነው ወይስ አንዱን?

ጅማ ውስጥ ኔትወርክ መጠገን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ሥራዬ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ የአክስቴ ነው። ከአጋሮ ማዶ ካለች መንደር ገንዘብ ልታወጣ መጥታ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መልሱ «ሲስተም የለም» ነበር። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቢሆንም ተነሥታ «የጠፋው እዚህ ነው ወይስ አዲስ አበባ?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት አልነበረም። በመጨረሻው መኪና ባዶ እጇን ተመለሰች።

የኔትወርክን ቃላት ሰው ሁሉ እንዲያውቃቸው የምመኘው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እያንዳንዱ ቃል የአንድ ቦታ ስም ነው። የቦታዎቹን ስም ያወቀ ሰው የጠፋው የት እንደሆነ መጠየቅም መመለስም ይችላል።

ከቅርቡ ልነሣ፣ ከኬብሉ። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሚሄደው ኬብል ሲላጥ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ ሹሩባ የተገመዱ አራት ጥንዶች። የተገመዱት የአንዱ ጥንድ ምልክት ወደ ጎረቤቱ እንዳይገባ፣ ከውጭ የሚመጣ ረብሻም እንዳያበላሻቸው ነው። ጫፉ ላይ በምትገጠመው ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የሚሰለፉት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም ሳልሳሳት እላችኋለሁ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሀል አድርጎ ግራና ቀኝ መቀመጡን ልብ በሉ፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የዚህ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። አንድ ሆቴል የኋለኛው ሕንፃው ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ለወራት ተቸግሮ ነበር። ሦስት ባለሙያዎች መሣሪያ ቀይረውበታል። እኔ የለካሁት ኬብሉን ነው፤ 140 ሜትር ሆነ። መሀል ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንዲት ስዊች አስገባን፤ ችግሩም በዚያው አበቃ። ስዊች ማለት በአንድ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮችን ኬብል የምትሰበስብ፣ ከአንዱ የመጣውን ለይታ ለሚመለከተው ብቻ የምታቀብል ሳጥን ናት። በስዊችና በዋይፋይ የተያያዘው የአንድ ቤት ኔትወርክ ላን ይባላል። ራውተር ሌላ ነው። ራውተር የሚቆመው በቤቱና በውጭው ዓለም መካከል ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጠራ ሰው በስልክ ሊያስረዳኝ ሲሞክር ግማሽ ሰዓት እንጨርሳለን።

ሐጂ ቢሮ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት መብራቶቹን ነው። ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ከበራች፣ ሽቦው ከወዲያ ማዶ ካለው መሣሪያ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ሁሉም ይበራሉ፣ ብልጭ ድርግምም ይላሉ። ሒሳብ ሠራተኛዋ «የእኔና የጸሐፊዋ ጠፍቷል፤ የሁለቱ ልጆች ግን ይሠራል» አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውጩ ደኅና መሆኑን ነገረችኝ፤ የጠፋው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አድራሻ የሚባለውን ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው። ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት አድራሻ አለው። አንደኛው ማክ አድራሻ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ፊደላት የሚጻፍ ባለ አሥራ ሁለት ምልክት መለያ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች ሠሪውን ኩባንያ ያመለክታሉ። ይህ እንደ ሰው የክርስትና ስም ወይም ወላጅ እንዳወጣለት ስም ነው፤ ቤት ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው የአይፒ አድራሻ ነው፤ 192.168.1.20 ዓይነት፣ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸውም ከ0 እስከ 255። ይህ ደግሞ የተከራየው ክፍል ቁጥር ነው።

ኪራይ ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ ሙያው ራሱ የሚጠቀምበት ቃል ነው። አከራዩ ዲኤችሲፒ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ውስጥ ይኖራል። አንድ ኮምፒውተር ሲነሣ በቤቱ ላሉት ሁሉ «አድራሻ የሚያከራይ አለ ወይ?» ብሎ ይጣራል። አከራዩ «ይህን ያዝ» ይለዋል፤ ተከራዩ «እሺ፣ እወስዳለሁ» ይላል፤ አከራዩም መዝግቦ ያጸድቅለታል። ኪራዩ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሳያልቅ ያድሰዋል። የሚያከራይ ከጠፋ ዊንዶውስ ኮምፒውተር 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይወቅ፦ ኮምፒውተሩ ተጣርቶ መልስ አጥቷል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ግን ትክክለኛ የሚመስል አድራሻ ነበረው፤ 192.168.1.101። ጌትዌዩም፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚያሳልፈው የግቢ በር፣ 192.168.1.1 ይላል። የሚሠራው ኮምፒውተር ላይም ጌትዌዩ ያው 192.168.1.1 ነው። ታዲያ ለምን አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም? ኮምፒውተር ያነጋገራቸውን መሣሪያዎች የአይፒ አድራሻ ከማክ አድራሻቸው ጋር አጣምሮ ይዞ ይቆያል። ዝርዝሩን በሁለቱም ላይ አወጣሁ። የበሩ ቁጥር አንድ፣ ስሙ ግን ሁለት! በሚሠራው ላይ ያለው ማክ አድራሻ ከራውተሩ ሥር ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል። በማይሠራው ላይ ያለው ሌላ ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አከራይ ገብቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሮቹ በተነሡ ቁጥር ቀድሞ የመለሰላቸውን ይይዛሉ፤ ዕጣቸው ለእውነተኛው ከወጣ ይሠራሉ፣ ለሌላው ከወጣ ወደ ውጭ በማያወጣ በር ፊት ቆመው ይቀራሉ። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ተከትዬ መጋዘኑ ደረጃ ሥር ደረስኩ። በማዳበሪያ ክምር ጀርባ አንዲት ነጭ ሳጥን መብራቷን እያበራች ተቀምጣለች። የሐጂ ትንሹ ልጅ ዋይፋዩ መጋዘኑ ድረስ እንዲዘልቅ ብሎ ያረጀ ራውተር ከቤት አምጥቶ ሰክቶ ነበር። ልጁ ደነገጠ። ያሰበው ግን ትክክል ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው። የእሱን ራውተር የማከራየት ሥልጣን አጠፋሁ፣ አድራሻውን 192.168.1.2 አደረግሁ፤ አሁን ዋይፋዩ ቡናው የሚለቀምበት ቦታ ድረስ ይደርሳል። ሁሉንም ያደረግሁት እሱ እያየ ነው፤ ቀጥሎ ሲያደርግ እንዲያውቀው።

«192.168.1.1 እኔም ቤት አለ» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ ጎረቤት ክሊኒክም አለ፣ ሌላ ከተማም አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የአይፒ ሥርዓት ሲጻፍ አድራሻው ባለ 32 ቢት፣ ማለትም በ32 የዜሮና የአንድ ምልክቶች የሚጻፍ ሆነ፤ ይህም 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ይሰጣል። ያኔ ብዙ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ያነሰ ነው። ለዓለም አቀፍ ክፍፍል የቀረው የመጨረሻው ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 ታደለ። ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ ስለታወቀ ለየቤቱ የግል አድራሻዎች ተለይተው ነበር፤ ወደ ውጭ ስንወጣ ራውተሩ ሁላችንንም በአንድ የውጭ አድራሻ ያወጣናል፤ መልስ ሲመጣም ማን ምን እንደጠየቀ አስታውሶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ አሠራር «ናት» (NAT) ይባላል። ባለ 128 ቢት አዲሱ የአይፒ ሥርዓትም አለ፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ። እዚህ ነው ወይስ አዲስ አበባ? የሚመልሰው መሣሪያ ፒንግ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ጻፈው። ሥራው ማዶ ያለን ሰው ተጣርቶ «አቤት» እስኪል መጠበቅ ነው። መጀመሪያ የግቢውን በር፣ 192.168.1.1ን ጥሩ። አቤት ካላለ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ማንም ዘንድ አትደውሉ፣ ኬብሉንና ራውተሩን እዩ። አቤት ካለ ወደ ሩቅ ተጣሩ፤ 8.8.8.8 የሚለው የጉግል አድራሻ ለመያዝ ቀላል ነው። በሩ መልሶ ሩቁ ዝም ካለ፣ የጠፋው ከበራችሁ ውጭ ነው፤ መስመር ወደሚሰጣችሁ ድርጅት የሚደወለው ያን ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባም ማዶ ሊሆን ይችላል። አገራችን ባሕር ስለሌላት ወደ ዓለም የምንወጣው በጎረቤት አገሮች፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች ተያይዘን ነው።

የአይፒ ቁጥሩ መልሶ የድረ ገጹ ስም ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው። ባጃጅ ይዛችሁ «ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት» ብትሉ መንገዱን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ እናንተ የምታውቁት ስሙን ብቻ ነው። ሾፌሩ ስሙን ሰምቶ ባያውቅ አትደርሱም፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ኮረብታው ላይ እንዳለ አለ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስም ሲሰጡት የአይፒ ቁጥሩን የሚመልስ ነው። ከእሱ በፊት በኔትወርኩ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ እያንዳንዱ ቦታ ይቀዳው ነበር፤ ይህ አልቻል ሲል እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ አዲሱን ሥርዓት ነደፈ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፤ ሰው ያለአግባብ ሲጣላበት ስለማይ ያናድደኛል። «10 ሜጋ ገዝቼ 700 ሜጋ ፊልም በ70 ሰከንድ ለምን አይወርድም?» ይሉኛል። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ሒሳቡ 560 ሰከንድ ይመጣል፤ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ። የተሰረቀ ነገር የለም። ሻጮች ይህን ለገዢ ቢነግሩት ምን ይጎዳቸው ነበር? ፋይል ቶሎ እየወረደ የቪዲዮ ስብሰባ ድምፅ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የመዘግየት ነው፤ እሱ የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው። ከከተማ ከተማ መልእክታችንን የሚያሻግረው ብርሃን በመስታወት ክር (ፋይበር) ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሁለት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። ወደ አዲስ አበባ የላካችሁት ፒንግ 400 ሚሊ ሰከንድ ካሳያችሁ መንገዱ ራቀ አትበሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ወረፋ አለ።

ከወር በኋላ ከሐጂ ቢሮ ተደወለ። የዚህን ጊዜ የደወለችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት።

«እህቴ፣ የአራታችንም ጠፍቷል። የኬብሎቹ መብራት በርቷል። አድራሻችን ግን ሁላችንም ጋር 169 ብሎ ይጀምራል።»

«እና?» አልኳት።

«አከራዩ አልመለሰም ማለት ነው። ራውተሩን ልየው?»

«እዪው።»

ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያም ስትስቅ ሰማኋት። «እዚሁ ነው የጠፋው» አለች፤ አንድ ሰው ራውተሩን ነቅሎ በሶኬቱ ላይ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ነበር።