ሆድ ሳይከፈት ማዮማ ማውጣት፦ ውሃውን የሚቆጥር ሰው

ጎንደር ውስጥ «የማህፀን እጢ አለብሽ» የተባለች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ሆዴን ልቀደድ ነው?» ብላ ነው። መልሱን የሚሰጠው እጢው ያለበት ቦታ ነው። ወደ ማህፀን ክፍተት የወጣ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ማዮማ (የማህፀን እጢ) በማህፀን በር በኩል በሂስተሮስኮፕ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ይወጣል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውና ወደ ውጭ የበቀለው በዚህ መንገድ አይደረስበትም።

ስለዚህ አልትራሳውንዱን የወር አበባዋ እንዳበቃ ራሴ እደግመዋለሁ። በቀጭን ካቴተር (ቱቦ) ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ማህፀን ውስጥ ሲገባ እጢው ምን ያህል እንደጠለቀ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከእጢው ጀርባ ያለው ሥጋ ከ5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ አልጀምርም፤ ማህፀኑ ሊበሳ ይችላል።

ደም ማነስ ካለባት አስቀድሜ አይረን አስጀምራታለሁ። ክኒኑን ከአቦሉ ጋር ከዋጠችው ግን ብዙም አይጠቅማትም፤ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ 1 ሰዓት ይራቅ።

የማህፀን በሩን እስከ ሄጋር 10 (10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማስፊያ ዘንግ) እከፍታለሁ፤ ውስጡ እንዲታየኝም ማህፀኑን በውሃ እነፋለሁ። እጢውን በሚቆርጠው የሽቦ ቀለበት (ሉፕ) ላይ ኤሌክትሪክ የምለቀው ወደ ራሴ ስስብ ብቻ ነው፤ እየገፉ መቁረጥ ማህፀኑን አልፎ አንጀት ይበሳል። የጠለቀው ክፍል ሲቀር የውሃውን ግፊት ለጥቂት ደቂቃ ዝቅ አደርጋለሁ። ማህፀኑ ሲኮማተር እጢውን ራሱ ወደ ክፍተቱ ይገፋልኛል።

ትልቁ አደጋ ግን ከመቁረጡ ይልቅ ውሃው ነው። በሞኖፖላር ሉፕ (ኤሌክትሪኩ በታካሚዋ ሰውነት አልፎ የሚመለስበት) ሳላይን አይሆንም፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን 1.5 በመቶ ግላይሲን እንጠቀማለን። 1 ሊትር ግላይሲን ወደ ደም ሲገባ የደሙ ሶዲየም (ጨው) በሊትር በ10 ሚሊሞል ገደማ ይወርዳል፣ አንጎልም ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ በገባውና በወጣው መካከል ያለው ልዩነት 1000 ሚሊ ሊትር ሲደርስ እጢው ቢተርፍም አቆማለሁ። ባይፖላር ሉፕ (ኤሌክትሪኩ በመሣሪያው ጫፍ ላይ ብቻ የሚዞርበት) በሳላይን ስለሚሠራ ለጤነኛ ሴት እስከ 2500 ሚሊ ሊትር ይፈቀዳል፤ ልብ ወይም ኩላሊት ለደከመባት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስህተቱ የሚመጣው «የጎደለው ውሃ ወለል ላይ ፈስሶ ነው» ከሚል ግምት ነው። አንዲት ነርስ ሌላ ሥራ ሳትይዝ በየ5 ደቂቃው ልዩነቱን ጮክ ብላ ትንገረኝ፤ ከታካሚዋ ሥርም መቀበያ ከረጢት ይዘርጋ።

ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት እጢዎችን በአንድ ቀን አልነካም፤ የቆሰሉት ግድግዳዎች ይጣበቃሉ። የተቆረጠው ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ይሄዳል።

ታካሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ቀን ትወጣለች። ከደባርቅ ወይም ከመተማ የመጣች ከሆነ ግን ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ትደር፤ ደሙ መኪና ላይ ቢጀምራት የሚደርስላት የለም።