ያለ ጥፋቱ የተነቀለው አይሲ

ቂጣም ቲቪ፣ ማለትም ጀርባው የወጣውንና ሥዕሉን በመስታወት ቲዩብ የሚያሳየውን የድሮ ቲቪ፣ መጠገን መማር ከጀመርኩ 3ኛ ወሬን ይዣለሁ። ጎንደር ውስጥ ፍላት ያልገባበት ቤት አሁንም ሞልቷል፤ ሥራ አላጣሁም። በዚህ ወር ግን የሠራሁት አንድ ቲቪ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ጊዜ ስለተመለሰብኝ።

የጎረቤቴ የእትዬ ነው፤ ባለ 21 ኢንች። «ልጄ፣ ሥዕሉ ጠፍቶ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ቀረ» አሉኝ። ስከፍተው እውነትም መሃል ላይ አንዲት ነጭ መስመር አግድም ተዘርግታለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ቲዩቡ አልቋል» ልል ነበር፤ ደግነቱ አፌን ያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲዩቡ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ጨረር በሰከንድ 15,625 ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ 50 ጊዜ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይሮጣል። መስመሯ አግድም ከተዘረጋች የግራና ቀኙ ሩጫ ደህና ነው። ለቲዩቡ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ፍላይባክም የሚሠራው በዚያው በአግድሙ ሰርኪዩት ነው። ስለዚህ ያቺ መስመር ራሷ ምስክር ናት፦ ፓወር አለ፣ ፍላይባኩ ይሠራል፣ ቲዩቡም አለ። የሞተው የላይና ታቹ ክፍል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ብራይትነሱን ቶሎ ቀንሱ። ያ ሁሉ ጨረር አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ቲዩቡ ላይ ጠባሳ ይተዋል።

ቦርዱን ከመንካቴ በፊት ከሶኬት ነቅዬ ትልቁን ካፓሲተር አራገፍኩ። የእኛ 220 ቮልት እዚያ ሲደርስ ከ300 በላይ ሆኖ ይጠራቀማል። የማራግፈው በ60 ዋት አምፖል ነው። ሁለቱን ሽቦ ሳስነካ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ያቺን ብልጭታ ባየሁ ቁጥር እጄን አያለሁ። ወደ ቲዩቡ የሚገባው ወፍራም ገመድ ደግሞ 25,000 ቮልት አካባቢ ነው፤ እሱን ገና ብቻዬን አልደፍርም።

ውስጡ ጥቁር ነው። እትዬ ቡና የሚያፈሉት ቲቪው ሥር ነው፤ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ቦርዱ ላይ ተለጥፏል። በብሩሽ ጠርጌ የላይና ታቹን ሩጫ የሚነዳውን ቺፕ፣ አይሲውን፣ ለካሁ። 25 ቮልት ይገባዋል። «እየበላ የማይሠራ እሱ ነው» ብዬ ፈረድኩበት። ከፒያሳ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። ሥዕሉ መጣ። እትዬ መረቁኝ፤ ቡናም ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን መስመሯ ተመለሰች።

አፍሬ አራዳ ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ ጠጋኝ ወሰድኩላቸው። ቴስተር እንኳ አላነሱም። ቲቪውን እንደበራ በካቻቢቴው ፕላስቲክ እጀታ ቦርዱን ኳ፣ ኳ አደረጉት። ሥዕሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ አጥፍተው ቦርዱን ገለበጡና የዮኩ (ቲዩቡ አንገት ላይ ሆኖ ጨረሩን የሚያሮጠው ጥቅል ሽቦ) ገመድ የሚሰካበትን ቦታ በባትሪ አበሩልኝ። በአንዱ እግር ዙሪያ ሊዱ (የብየዳው ብረት) ፀጉር በምታክል ክብ ስንጥቅ ተለይቷል። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ነው እንዲህ የሚሆነው። እኔ አይሲውን ስነቅልና ስበይድ ቦርዱን ነቅንቄ ለጊዜው አገናኝቼው ነበር። «አይሲው ምን አደረገህ?» አሉኝ። አሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ የሚሠራ አይሲ።

ስንጥቁ ተበየደ። ሥዕሉ ግን ከላይ በኩል እንደ ነጠላ ጠርዝ ታጠፈ፤ ጥቂት ነጫጭ መስመሮች አናቱ ላይ ተደራረቡ። ቀድሞም ነበረ አሉ እትዬ፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። ጨረሩ ታች ደርሶ ወደ ላይ የሚመለሰው በዝላይ ነው። ለዚያች ዝላይ ተጨማሪ ቮልቴጅ የሚያቀብል ካፓሲተር አይሲው አጠገብ አለ፤ በዚህ ቲቪ ላይ 100 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ነው። የአይሲውን ሙቀት ከሚወስደው ብረት፣ ከሂትሲንኩ፣ ሥር ሲጋገር ኖሮ ደርቋል። አላበጠም፤ ስታዩት ደህና ይመስላል። ጋሼ ያስተማሩኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ ቲቪውን አጥፍተህ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ጠብቀህ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን በየድ፤ ከዚያ አብራ። እጥፋቱ ተዘረጋ። አሮጌውን ነቅለን ጣልነው።

ሦስተኛው መመለስ አይቆጠርም። የልጅ ልጃቸው ስፒከር ከቲቪው ጎን አስጠግቶ አንዱ ማዕዘን ሐምራዊ ሆኖ ነበር። ስፒከሩን አንስቼ ቲቪውን አጥፍተን ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዘቀዝነው። የስፒከሩ ማግኔት ስክሪኑ ላይ የተወውን ማግኔትነት የሚያጠፋው የቲቪው ጥቅል ሽቦ በደንብ የሚሠራው ቲቪው ቀዝቅዞ ሲበራ ነው። በሁለተኛው ማብራት ጠራ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ አለ። ስክሪኑ ሙሉ አረንጓዴ፣ በላዩ ሰያፍ መስመሮች። የአረንጓዴው ካቶድ (ቲዩቡ ውስጥ ጨረሩን የሚለቀው ጫፍ) ቮልቴጅ ከሌሎቹ ሁለት በጣም ወርዷል። ወይ ከቲዩቡ አንገት ቦርድ ላይ ያለው ትራንዚስተር ሾርት ሆኗል፣ ወይ ቲዩቡ ውስጥ ነው። ነገ ትራንዚስተሩን ሳልነቅል መጀመሪያ ብየዳውን በባትሪ አያለሁ።