49 ቀን ከ17 ሰዓት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2004፣ ፓልምዴል፣ ካሊፎርኒያ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚያልፉ አውሮፕላኖችን የሚመራው ማዕከል ከአብራሪዎች ጋር የሚነጋገርበት የድምፅ ሥርዓት አመሻሽ ላይ ድንገት ጸጥ አለ። አውሮፕላኖቹ በራዳር ይታያሉ፤ «ከፍታህን ቀይር» ብሎ መንገር ግን አይቻልም። መጠባበቂያውም ሥራ በጀመረ በአፍታ ወደቀ። ድምፁ እስኪመለስ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ።

የተበጠሰ ገመድ የለም። ሥርዓቱ ውስጥ ያለ ቆጣሪ በየሚሊሰከንዱ አንድ አንድ እየቀነሰ ነበር፤ መነሻው የ2 ቁጥር 32ኛ ርቢ (2 በራሱ 32 ጊዜ ሲባዛ)፣ ማለትም 4,294,967,296 ነው። ይህን ለ1,000፣ ከዚያ ለ60፣ እንደገና ለ60፣ በመጨረሻም ለ24 ብታካፍሉት 49 ቀን ከ17 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ይወጣል። ዜሮ ሲደርስ ሥርዓቱ ይዘጋል። መላ ተብሎ የተያዘው በየ30 ቀኑ ቴክኒሻን አጥፍቶ እንዲያስነሣው ነበር፤ ያን ጊዜ ሳይደረግ ቀረ። ጥፋቱን በቴክኒሻኑ ላይ መደፍደፍ ይቀላል፤ የማሽንን ስሌት በሰው ማስታወሻ ላይ ማንጠልጠል ግን ጥገና አይባልም።

ቁጥሩ ራሱ ግን ውበት አለው። በ32 ቢት (እያንዳንዱ 0 ወይም 1 ብቻ በሚይዝ 32 ቦታ) የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ሲተነተን 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ይሆናል። አምስቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም፤ አምስቱም የ2 ርቢ ላይ 1 ሲደመር የሚገኙ ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ቀጣዩ 4,294,967,297ም እንደነሱ አካፋይ የለሽ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ።

ወደ ላይ ለሚቆጥር ማሽን ግን ከ4,294,967,295 ቀጥሎ የሚመጣው 0 ነው። የተለመደው ስሕተት እዚህ ነው፦ ቆጣሪው 4,294,967,000 ላይ ሳለ «1,000 ሚሊሰከንድ ጠብቅ» ሲባል ማብቂያው 4,294,968,000 መሆን ሲገባው ዞሮ 704 ይሆናል። «አሁን ከማብቂያው ይበልጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ኮድ ወዲያው «አዎ» ይላል፤ ጥበቃው ሳይጀመር ያልቃል። በምትኩ ከአሁኑ ቁጥር ጥበቃው የተጀመረበትን ቁጥር ቀንሱና ያለፈውን ጊዜ እዩ፦ ምልክት በሌለው (ከዜሮ በታች በማይወርድ) ባለ32 ቢት ስሌት 704 ሲቀነስ 4,294,967,000 በትክክል 1,000 ይሰጣል።

ማሽን በተነሣ በ50ኛው ቀን ግድም ቢቆም ይህን ጠርጥሩ። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ሲያዝ ደግሞ ጊዜው ወደ 24 ቀን ከ20 ሰዓት ይወርዳል። ያው ባለምልክት ቆጣሪ በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ሲቆጥር 248 ቀን ይደርሳል፤ በ2015 የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የቦይንግ 787 አውሮፕላን ኤሌክትሪክ በየጊዜው እንዲጠፋ ያዘዘው በዚህ ቁጥር ሰበብ ነው።

ለሙከራ 50 ቀን መጠበቅ አያሻም። የሊኑክስ ከርነል (ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት) ቆጣሪውን ከዜሮ አያስጀምረውም፤ ማሽኑ ከተነሣ 5 ደቂቃ በኋላ እንዲዞር አድርጎ ነው የሚያስነሣው፤ ስሕተት ካለ ጸሐፊው ቡናውን ሳይጨርስ ያየዋል።