ለወረቀት መታወቂያዬ ማኅደር ሠራሁለት

ሐምሌ ነበር። ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ እየሄድኩ ዝናቡ መጣ። የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሰማዩ ጠቆረ ሲባል ውሃው መሬት ደርሷል። ጃንጥላ አልያዝኩም። ሮጬ አንድ ሕንፃ በረንዳ ስር እስክጠለል ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣብቋል። መታወቂያዬ በደረት ኪሴ ውስጥ እንደነበረ ያስታወስኩት ባንክ ገብቼ ወረፋዬ ደርሶ ልጅቷ «መታወቂያ» ስትለኝ ነው።

አወጣሁት። ሁለት ቦታ የታጠፈች፣ የራሰች ወረቀት። ስገልጣት እጥፉ ላይ ክር ክር አለች። ሐምራዊው ማህተም ከፎቶው ጥግ ተነስቶ እስከ አገጬ ወርዷል። የገረመኝ ነገር፣ ስሜና የቤት ቁጥሬ የተጻፉበት ተራ የቢክ እስክሪብቶ ንቅንቅ አላለም። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃ አይበትነውም። የማህተም ቀለም ግን ብዙ ጊዜ በውሃ የሚሟሟ ነው፣ ጠብታ ሲነካው ይሄዳል። መታወቂያዋን መታወቂያ የሚያደርጋት ደግሞ ማህተሙ ነው። ልጅቷ አዘነችልኝ፣ ግን «ወንድሜ፣ ማህተሙ አይነበብም፣ ይቅርታ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ያን ቀን ልከፍለው ያሰብኩትን የቤት ኪራይ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ከዚያ ወረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌ የሚባለው ከቀረ ቆይቷል፣ አፋችን ግን ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» ነው የሚለው። ጉርድ ፎቶ ተነሳሁ፣ አሮጌዋን ይዤ ሄድኩ፣ «ሲስተም የለም» ተባልኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ። በመጨረሻ አዲስ ተሰጠኝ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ስትበላሽ ምን ያህል የሥራ ቀን ይዛ እንደምትሄድ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ደረት ኪስ ውስጥ አልከታትም ነበር ለማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከፍርሃት ነው። አዲሱን መታወቂያ እንደተቀበልኩ፣ ከግቢው ሳልርቅ፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን የሚል የተጻፈበት ሱቅ ገብቼ «ላሚኔት አድርግልኝ» አልኩ። ልጁም አላጠፋም፣ የጠየቅኩትን ነው የሠራው። ማሽኑ ሲተፋት ግን ፎቶው ስር አንድ ትልቅ አረፋ ተነስቷል። ፎቶው በኮላ ነበር የተለጠፈው፣ ኮላው ገና በደንብ አልደረቀም፣ በሙቀቱ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ፎቶውን አንስቶ አጨማደደው። የማህተሙ ግማሽ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ፎቶው ሲጨማደድ ሁለቱ ግማሾች አልገጠም አሉ። የሆነ ሰው ፎቶ ቀይሮባት ይመስላል። እድሳት ሲደርስ ደግሞ ሌላ ችግር። የኔዋ ካርድ የእድሳት ማህተም የሚያርፈው ጀርባዋ ላይ ነበር። ፕላስቲክ ላይ ማህተም አይዝም፣ በጣት ጫፍ ሲነኩት ይጠፋል። ላሚኔሽኑን ልላጠው ብዬ በምላጭ ጠርዙን ጀመርኩ፣ ወረቀቱ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ተገሸለጠ። ላሚኔት የሆነ ነገር አይመለስም። ውስጡ ያለው ማጣበቂያ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱና ፕላስቲኩ አንድ አካል ናቸው።

መፍትሔውን ያገኘሁት አራት ኪሎ ነው። እዚያ አንድ አሮጌ መጽሐፍ የሚጠርዙ ሽማግሌ አሉ፣ የተበጠሰ ሰነድ ይዤላቸው የምሄድ ደንበኛቸው ነኝ። ሦስተኛዋን መታወቂያ አሳየኋቸውና «ጋሼ፣ እንዴት ላድርጋት?» አልኳቸው። አገላብጠው አዩዋት። «የኔ ልጅ፣ ዳዊት አይተህ አታውቅም?» አሉኝ። የብራና ዳዊት ማለታቸው ነው። «የዳዊቱ ገጽ ላይ ቆዳ ይለጠፍበታል እንዴ? ማኅደር ነው የሚሠራለት። ይገባል፣ ይወጣል። ማኅደሩ ሲያልቅ ሌላ ይሰፋለታል፣ መጽሐፉ ግን ያው ነው።»

ሁሉ ነገር የተገለጠልኝ ያኔ ነው። እኔ መታወቂያዬን ለማሸግ ነበር የምሯሯጠው። የሚያስፈልጋት ግን ቤት ነው። ገብታ የምትወጣበት ቤት።

ቤቴ ሄጄ ሦስት ነገር ሞከርኩ። መጀመሪያ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የባጅ መያዣ። ለፕላስቲክ ካርድ የተሠራ ነው፣ የኔዋ ደግሞ ተዘርግታ ትበልጠዋለች፣ ታጥፋ ስትገባ እጥፏ ይሰበራል። ተውኩት። ቀጥሎ ለስላሳ፣ ሲነኩት እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ትንሽ የሚሸት ላስቲክ አገኘሁ። እሱን ሳምንት ያህል ተጠቀምኩበት። አንድ ቀን የመታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ አብሬ ከትቼበት ነበርና ላውጣው ስል የኮፒው ጽሑፍ ግማሹ ላስቲኩ ላይ ቀርቷል። የፎቶ ኮፒ ቀለም የሚባለው ወረቀት ላይ የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። እነዚህ ለስላሳ ላስቲኮች ደግሞ እንዲለሰልሱ የተጨመረባቸው ዘይት መሰል ነገር አለ፣ እሱ ቀስ እያለ ይወጣና ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ኮፒው ይሁን፣ ኮፒ ነው። ኦርጅናሌ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ደነገጥኩ።

ሦስተኛው ሠራ። ትምህርት ቤት እያለን መስከረም ሲጠባ ደብተር የምንለብደውን አስታውሱ። እንደዚያው ነው የለበድኳት። ጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚሸጠውን ግልጽ የፕላስቲክ ፋይል ገዛሁ፣ ጠንከር ያለውን፣ ሲያጥፉት ኮሽ ኮሽ የሚለውንና የማይሸተውን። ከሱ ላይ በማስመሪያና በምላጭ አንድ ረጅም ቁራጭ ቆረጥኩ። ቁመቱ መታወቂያዋ ስትዘረጋ ካላት ቁመት ከላይም ከታችም 3 ሚሊሜትር ያህል ይበልጣል። ወርዱ ደግሞ እንደ ደብተር ልባስ ሁለቱም ጫፍ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ተጨማሪ አለው። ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጠፍኩና ላይና ታቹን በፕላስተር ያዝኩት። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቅቄያለሁ፣ ፕላስተሩ በውጭ በኩል ብቻ ነው ያለው፣ የትኛውም ቦታ ወረቀቱን አይነካም። ፕላስተር ወረቀት ላይ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ይቀልጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲያነሱትም ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። አራቱን የፕላስቲክ ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አደረግኳቸው፣ ሹል ከሆኑ ኪስም ጣትም ይወጋሉ።

ዋናው ዘዴ ግን መሐሉ ላይ ነው። ወረቀት የሚሞተው እጥፉ ላይ ነው። በታጠፈ ቁጥር ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ይሰበራሉ፣ አንድ ቀን ብርሃን ላይ ስታዩት እጥፉ እንደ ወንፊት ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩን መሐሉ ላይ ስል አድርጌ አላጠፍኩትም። አንድ ስቴኪኒ አስገብቼ በሱ ዙሪያ ነው ያጠፍኩት፣ ክፍት ጀርባ እንዲኖረው። አሁን መታወቂያዋ ስትዘጋ ወረቀቷ በሰፊው ትጎብጣለች እንጂ አትሰበርም። በፊት ሁለት ቦታ ነበር የማጥፋት፣ አሁን የተሠራችበት አንድ እጥፍ ብቻ ቀርቷታል።

ከሠራኋት ሦስተኛ ክረምቷ ነው። ልባሱን አንዴ ቀይሬዋለሁ፣ ፕላስቲኩ ተጫጭሮ ፎቶዬን ስለጋረደ። መታወቂያዋ ግን ያቺው ናት። ጥበቃ ሲጠይቀኝ በልባሷ አሳያለሁ፣ በሁለቱም በኩል ይነበባል። ሠራተኛ ማህተሙን በእጁ ማየት ከፈለገ ስቤ አውጥቼ እሰጣለሁ። አንድም ቦታ «ይሄ ምንድን ነው» ያለኝ የለም።

የት እንደምይዛት መወሰንም ራሱን የቻለ ነገር ነበር። የኋላ ኪስ ፈጽሞ አይሆንም። ሚኒባስ ውስጥ አራት ሆነን በተጠጋጋንበት መቀመጫ ላይ ያንን ሁሉ ክብደት ተሸክማ፣ ከታች ላብ፣ ከላይ ቁልፍ። የደረት ኪስ የዝናብ ነው። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ባለ አጀንዳ ሽፋን ስር ትተኛለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ አጀንዳው ራሱ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ቤት ስደርስ ግን ከላስቲኩ አወጣታለሁ፣ እርጥበት ይዞ የታሸገ ወረቀት ይሻግታል።

ጥንቃቄው ሁሉ ኖሮ ብትርስስ? አንዴ ደርሶብኛል፣ የውሃ ላስቲክ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሶ። ከመጀመሪያው ዝናብ ስለተማርኩ አልደነገጥኩም። አልጠረግኳትም፣ መጥረግ ነው ማህተሙን የሚያሰራጨው። ቀስ ብዬ ከልባሷ አውጥቼ ንጹህ ሶፍት ላይ ዘረጋኋት፣ ከላይ ሌላ ሶፍት ጣል አድርጌ ሳልጫን ውሃውን እንዲመጥ ተውኩት። ሶፍቱ ሲረጥብ በደረቅ እቀይራለሁ። ነካ ሳደርጋት ገና ቀዝቀዝ ብትልም ጣቴን የማታረጥብ ስትሆን፣ በሁለት ነጭ ወረቀት መሐል አድርጌ ወፍራም መዝገበ ቃላት ጫንኩባት። በማግስቱ ቀጥ ብላ ወጣች። ካውያ የሚያስቡ አሉ፣ አይሞከርም። ፀሐይ ላይም አይሰጣም፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ የማህተም ቀለምም ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል።

ቅጂም አለኝ። ካርዷ አዲስ እያለች ሁለቱንም ገጽ በከለር ስካን አስደርጌ ራሴ ኢሜይል ላይ አስቀምጫለሁ። ለአንድ ጉዳይ ኮፒ ስሰጥ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሳይ ልቤ ይደነግጣል፣ እባካችሁ አታድርጉት።

«አሁን ፋይዳ መጥቶ ስለ ወረቀት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ፋይዳ አለኝ፣ ተመዝግቤያለሁ። ነገሩ ግን የተለየ ነው። በ2015 በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የተቋቋመው ፋይዳ ዋናው ነገር ባለ 12 አሃዙ ቁጥርና ከሱ ጀርባ ያለው አሻራ ነው። የታተመው ወረቀት ቢቀደድ ደግሞ ማተም ይቻላል። ስለዚህ የፋይዳ ህትመቴን ያለ ሐሳብ ላሚኔት አስደርጌዋለሁ፣ በሌዘር ፕሪንተር አሳትሜ፣ ምክንያቱም የኢንክጄት ቀለም ብዙ ጊዜ እርጥብ ጣት ሲነካው ይበተናል። የወረዳዋ ወረቀት ግን ዋጋዋ ያለው ማህተም ባረፈባት በዚያችው ቁራጭ ላይ ነው። አንድ ናት። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ማሽን ውስጥ ይከታል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የእማዬ ነበር። መታወቂያዋን ዕድሜዋን ሙሉ መቀነቷ ውስጥ ነው የምትቋጥረው፣ ከብሯ ጋር፣ በአራት ታጥፋ። ወገብ ይሞቃል፣ ያልባል። አንድ ቀን ሆስፒታል ካርድ ልናወጣላት ሄደን ስትፈታው ለሁለት ተለያየች። እማዬ እጇ ላይ ሁለት ቁራጭ ይዛ ዝም ብላ አየችኝ። ሰው ፊት ነው፣ አፍራለች። በኮላ ልለጥፈው ቢያምረኝም አልለጠፍኩትም፣ የተለጠፈ መታወቂያ የተነካካ ይመስላል። ሁለቱን ቁራጮች በልባስ ውስጥ አገጣጥሜ እንዳሉ ወረዳ ይዣት ሄድኩ። ሠራተኛዋ አውጥታ አየቻቸው፣ ማህተሙ ስለሚገጥም ጥያቄ አላበዛችብንም። «እማማ፣ ልጅዎ በደንብ ይዞልዎታል» አለቻት።

አዲሱ ሲወጣ በእማዬ ልክ ሰፋ አድርጌ፣ በደንብ እንድትይዘው ጠርዙን በአረንጓዴ ፕላስተር ለበድኩላት። «መቀነት ውስጥ እንዳትከቺው» አልኳት። «የት ላድርገው ታዲያ?» አለችኝ፣ መልስ ሳልሰጣት ሄድኩ። እሁድ ስመለስ «መታወቂያሽስ?» አልኳት። ትራስጌዋ ወዳለው ችንካር በአገጯ አሳየችኝ። የአያቴ ዳዊት ተንጠልጥሏል፣ አረንጓዴው ጠርዝ ከማኅደሩ አፍ ብቅ ብሏል።