ሜትር የያዙ ልጆች፦ ወጣቶችን ስለ ከተማ መልሶ ማልማት ያስተማርንበት መንገድ

አርክቴክት ነኝ። ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሆነን አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ አርክቴክቸርና ስለ ከተማ መልሶ ማልማት እናስተምራለን። «እኛም ሰፈር መጀመር እንፈልጋለን፣ እንዴት አደረጋችሁት?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው ይህን የጻፍኩት።

የጀመርንበት ምክንያት ከተማዋ ራሷ ናት። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አንድ ትልቅ ክፍል በኮሪደር ልማት ፈረሰ። በዓመቱ ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለ። ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ የልማት ተነሺ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሌሎቹ አብሯቸው ያደገ ጓደኛ ሄዶባቸዋል። ትልልቆቹ ቡና ላይ ይከራከራሉ፣ ባለሙያው በየስብሰባው ያወራል። ልጆቹን ቁጭ አድርጎ «እናንተስ ምን ታያላችሁ?» የሚል ግን አልነበረም።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተስማማን። በታዋቂ ሕንፃ አንጀምርም። የጣሊያናዊው አርክቴክት የመዘዲሚ ሥራ የሆኑትን አፍሪካ አዳራሽንና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ በጣም እወዳቸዋለሁ። ግን ልጁ በታላቅ ሕንፃ ከጀመረ፣ አርክቴክቸር ማለት የሌላ ሰው፣ ሩቅ ያለ ነገር ይመስለዋል። በሚያውቀው ግቢ ከጀመረ ግን ከእኛ እኩል ባለሙያ ሆኖ ነው የሚገባው። ሽንት ቤቱ ስንት ቤተሰብ እንደሚያገለግል፣ ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ እሱ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ የቀበሌ ቤት ግቢ መለካት ነው። ልጆቹን በአራት በአራት እንከፍላቸዋለን። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል፣ ሁለተኛው ያነባል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። አራተኛው ምንም አይለካም፤ ሥራው ከቤቱ ነዋሪ ጋር መጫወት ነው። አራተኛው ቦታ መዝናኛ እንዳይመስላችሁ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፣ በየሳምንቱም ተራ ይደርሳቸዋል።

የጭቃ ቤት ሲለካ ደስ ይላል። ልጆቹ አራት ማዕዘን ብለው ይገባሉ። አራቱን ጎን ለክተው ወረቀት ላይ በ1 ለ 50 ሲያወርዱት፣ ማለትም አንዱን ሜትር በ2 ሴንቲሜትር ሲስሉት፣ መስመሩ አልገጥም ይላቸዋል። ያኔ ሰያፉን፣ ማለትም ከአንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን ያለውን፣ ለኩ እንላቸዋለን። ሰያፉ ሲለካ የቤቱ አንድ ማዕዘን ወደ ውጭ የተከፈተ ሆኖ ይገኛል። ለምን? አንድ ጊዜ አንዷ ተማሪ ግድግዳው ሥር ተንበርክካ ልስኑ በተላጠበት ቦታ ብታይ፣ የጤፍ ጭድ ያለበት የቦካ ጭቃ፣ ከውስጡ ማገሩ፣ ከማገሩ ኋላ ደግሞ ከታች የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተደራርበው አየች። ቋሚው መሬቱ ውስጥ በቀጥታ ገብቷል፣ የድንጋይ መሠረት የለውም። ቆርቆሮው ደግሞ አጭር ነው፣ አሸንዳም የለውም፤ የክረምቱ ዝናብ ግድግዳው ሥር ነው የሚያርፈው። ከተንበረከከችበት ሳትነሳ «ታዲያ ጭቃው ምን አጠፋ? ያጠፋው ውሃው ነው» አለች። እኛ በስላይድ ለማስረዳት ግማሽ ቀን የሚፈጅብንን ነገር ነው የተናገረችው። የድንጋይ መሠረትና ረዘም ያለ ክፈፍ ያለው ጭቃ ቤት ዕድሜው ረጅም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ይህን ያህል ከታወቀ ለምን አያድሱትም?» እዚህ ላይ ታሪክ ማስተማር ግድ ይላል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። የቀበሌው ኪራይ ለዓመታት በጣም ትንሽ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ገንዘብ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ነዋሪው ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል። የመሀል ከተማው ቤት ያረጀው ሰው ስለሰነፈ እንዳልሆነ ልጆቹ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ብዙዎቹ እኮ በሰፈራቸው እንዲያፍሩ ተደርገው ነው ያደጉት።

ግቢውን በደንብ ካወቁ በኋላ ዲዛይን እንሰጣቸዋለን። ይህን ግቢና ጎረቤቶቹን መልሳችሁ አልሙ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ መስታወት ነው። ዱባይን የሚመስል ረጅም ሕንፃ፣ ፊት ለፊቱ ፏፏቴ። አንከለክላቸውም፤ ምኞታቸው ነው፣ መከበር አለበት። ከዚያ ካርዶቹን እናወጣለን። ካርዶቹ አራተኛው ልጅ ከነዋሪው ጋር ሲጫወት የሰበሰባቸው ናቸው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት። በራፏ ላይ ጉልት የምትቸረችር። እግራቸውን የሚያማቸው አዛውንት። ለእድሩ ድንኳን መትከያ የሚሆን ባዶ ቦታ። ሕጉ አንድ ነው፦ ካርድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተመልሶ መግባት አለበት።

ክፍሉ በአንዴ ይቀየራል። አንድ ልጅ የራሱን ሞዴል እያየ «ቲቸር፣ እማማ አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ የት ያሰጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም። የሚቀጥለው ሳምንት ጣሪያውን ጠፍጣፋ አድርጎ መጣ። ሌላው ቡድን የደረጃውን ማረፊያ አሰፋው፣ ጎረቤት ወንበር አውጥቶ እንዲቀመጥበት። የኮንዶሚኒየም ልጆች ደግሞ እዚህ ላይ አስተማሪ ይሆናሉ። አሳንሰር በሌለው ጂ ፕላስ 4 ላይ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ግቢያቸው ውስጥ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለዕርድና ለማብሰያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት መቼ እንደሚሠራና መቼ ተዘግቶ እንደሚውል ይናገራሉ። እነሱን ያልሰማ ባለሙያ ስለ ኮንዶሚኒየም ባያወራ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። እኛ አርክቴክቶች አሮጌ ሰፈር እንወዳለን። በረንዳው፣ የእንጨት ሥራው፣ የግቢው ማኅበራዊ ኑሮ ይማርከናል። ያንን ፍቅር ልጆቹ ላይ መጫን የለብንም። አንዴ ስለ ግቢ አብሮነት እየተወራ ሳለ፣ ቤተሰቦቿ ተነስተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ተማሪ እጇን አወጣች። «አሁን ቤታችን ውስጥ ሽንት ቤት አለ። ማታ እናቴን አልቀሰቅስም» አለች። ቀጥላም ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ እንደምትይዝ፣ እናቷም ደንበኞቿን እንዳጣች ነገረችን። ሁለቱም እውነት ነው። መልሶ ማልማትን ማስተማር ማለት ሁለቱን አንድ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። «ልማት ነው» ብሎ መዝጋትም፣ «ቅርስ ጠፋ» ብሎ ብቻ ማልቀስም ልጆቹን አይጠቅማቸውም። ለየትኛውም ወገን ደጋፊ ልንመለምላቸው አልመጣንም።

የፕላን ታሪክም ትንሽ እንጨምራለን። ስዊዘርላንድ ተወልዶ ፈረንሳይ የሠራው ታዋቂ አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ሳያያት የሳለላትን ንድፍ አሁን ካለው የሳተላይት ፎቶ ጎን እንሰቅላለን። ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ፣ ነባሩን ከተማ እንደሌለ የቆጠረ። «ወንዞቹስ?» ይላሉ ልጆቹ ወዲያው። «እሪ በከንቱስ የት ሄደ?» ከ20 ዓመት በኋላ የእንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ የአበርክሮምቢ ማስተር ፕላን መጣ፣ ከዚያም ሌሎች ተከታተሉ። ይህ ትምህርት አጭር ነው፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ግቢ የለካ ልጅ ፕላን ሲያይ የሚጠይቀውን ያውቃልና።

ከተጋባዥ ባለሙያዎች ሁሉ ልጆቹ የማይረሱት ግንበኛውን ነው። ጋሼ እያሉ ይከቡታል። ቱንቢውን አንጠልጥሎ፣ ግድግዳው ስንት ጣት እንደወጣ በዓይኑ ገምቶ፣ ከዚያ ለክቶ ያሳያቸዋል። ሶሲዮሎጂስትና ሲቪል መሐንዲስም ይመጣሉ። ከመሬት አስተዳደር የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ የግድ ያስፈልጋል፤ ካሳ እንዴት እንደሚሰላ፣ ምትክ ቤት ለማን እንደሚሰጥ ከእሱ መስማት አለባቸው። ለሁሉም የምንነግራቸው አንድ ነው፦ ንግግራችሁን አሳጥሩ፣ በእጃችሁ የሚያዝ ነገር ይዛችሁ ኑ።

ሥራው ሲያልቅ ሥዕሎቹ ማዕከሉ ውስጥ አይቀሩም። ግቢው ውስጥ ገመድ ወጥሮ በልብስ መቆንጠጫ መስቀል ነው። ነዋሪው ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ እርማት ይጀመራል። «ልጄ፣ ይኼ በር እኮ ከተደፈነ ቆየ።» «ቦኖው እዚህ ጋ አይደለም።» ልጆቹ እርሳሳቸውን ይዘው እዚያው ያስተካክላሉ። እኔ የቦሌ ደንበኛ ፊት ዲዛይን ሳቀርብ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ተመልካች አላጋጠመኝም። የተስተካከለው ፕላን አንድ ቅጂ ለእድሩ ዳኛ ይሰጣል። ሰፈሩ ለልማት ሲጠራ፣ ነዋሪው በእጁ የተለካ ነገር ይዞ እንዲቀርብ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ ዕቃው ርካሽ ነው። የጫማና የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ኮላ፣ መቁረጫ፣ ለየቡድኑ አንድ ሜትር። ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከወላጅ ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ። ሰው ቤት ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ። ሊፈርስ ምልክት የተደረገበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ነዋሪዎቹን አስቀድማችሁ አናግሩ። ሜትር የያዘ ሰው ሲያዩ ማዘጋጃ ቤት የላከው ይመስላቸዋል፤ ይደነግጣሉ። መጀመሪያ ግቡና ተዋወቁ፣ ሜትሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይወጣል።